ለንደንን በአረንጓዴ መቀነት የከበቡት፣ ለአዲስ አበባም ፕላን የነደፉት ፓትሪክ አበርክሮምቢ

ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የአዲስ አበባን መሪ ፕላን እንዲያዘጋጁ ጥሪ ሲደርሳቸው ዕድሜያቸው የሰባዎቹን አጋማሽ ይዞ ነበር። ከዚያ ቀደም ለደብሊን፣ ለፕሊመዝ እና ለሆንግ ኮንግ ፕላን ነድፈዋል። ስማቸውን ያገነነው ግን የለንደን ሥራቸው ነው፤ ገጠሩን እየዋጠች ለምትሰፋው ከተማ ድንበር አበጁላት።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1879 በእንግሊዟ ቼሸር ተወለዱ። ወንድማቸው ላሰልስ አበርክሮምቢ ገጣሚ ነበር። እርሳቸው የኪነ ሕንፃን ሙያ ተምረው በ1907 ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1915 ደግሞ በዚያው የከተማ ንድፍ ፕሮፌሰር ሆኑ።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለንደን የያዘችው መሬት ከሕዝቧ ቁጥር እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ሰፋ። የባቡር መስመርና አውራ ጎዳና በደረሰበት ሁሉ ቤት ተደረደረ፤ እርሻና ጫካ ጠፋ። አበርክሮምቢ በ1926 የእንግሊዝን ገጠር ለመታደግ የተቋቋመው ምክር ቤት እንዲመሠረት ግንባር ቀደም ሚና ነበራቸው።

ከተማን በድንበር የመግታት ሐሳብ አዲስ አልነበረም። ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1580 ከለንደን በሮች በሦስት ማይል ርቀት ውስጥ አዲስ ቤት እንዳይሠራ አውጀው ነበር፤ ከተማዋ ግን አልሰማቻቸውም። ከተማ በአዋጅ ብቻ አይቆምም፤ የሚመጣው ሰው የሚያርፍበት ይፈልጋል።

በጦርነቱ ማብቂያ ዋዜማ፣ በ1944፣ የቀረበው የታላቋ ለንደን ፕላን ከቀደሙት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አበርክሮምቢ ከስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌደስ የወረሱት መርህ ነበራቸው፦ መጀመሪያ ጥናት፣ ከዚያ ፕላን። ዛሬ በሳተላይት ምስልና በኮምፒውተር ሞዴል የሚሠራውን ያን ጊዜ ሰዎች በእግራቸው ሠርተውታል። በ1930ዎቹ በጂኦግራፊ ምሁሩ ደድሊ ስታምፕ መሪነት ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች የብሪታኒያን መሬት እየዞሩ የቱ እርሻ፣ የቱ ግጦሽ፣ የቱ ደን እንደሆነ በካርታ ላይ አስፍረው ነበር። ለም መሬቱ የት እንዳለ ካልታወቀ የሚጠበቀው መሬትም አይታወቅም።

ፕላኑ ለንደንን በአራት ቀለበቶች ከፈላት፦ የተጨናነቀው መሐል፣ ዳርቻው፣ አረንጓዴው መቀነት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጠር። ከመሐሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዲወጡ፣ ብዙዎቹም ከመቀነቱ ባሻገር በሚቆረቆሩ አዳዲስ ከተሞች እንዲሰፍሩ ታሰበ። በ1946 ስለ አዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ፤ በለንደን ዙሪያም ስምንት ተመሠረቱ። በ1947 የወጣው ሕግ ደግሞ ባለመሬት ያለ ፈቃድ እንዳይገነባ ከለከለ። መቀነቱን በእርግጥ ያጠበቀው ይህ ነው።

ስሌቱ ግን የተሳሳተ ግምት ነበረበት። አበርክሮምቢ የለንደንና የአካባቢዋ ሕዝብ ብዙም አይጨምርም ብለው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ወሊድ በረከተ፣ ሥራ ፈላጊውም ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ጎረፈ። ከተማዋ መቀነቱን አልበጠሰችም፤ ዘለለችው። ከ5,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው መሬት ዛሬም አለ፤ የቤት ዋጋን ያስወደደው እርሱ ነው የሚሉም አሉ። ክሱ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም።

በ1956 የተጠናቀቀው የአዲስ አበባ ፕላን የለንደኑ አሻራ ነበረበት፦ ራሳቸውን የቻሉ ሰፈሮች፣ ቀለበት መንገዶች፣ በዙሪያዋ የሚቆሙ ሳተላይት ከተሞች። አበርክሮምቢ ግን አፈጻጸሙን አላዩም፤ መጋቢት 23 ቀን 1957 አረፉ። ፕላኑ በ1959 በሌላ የብሪታኒያ ድርጅት ተከለሰ፤ ብዙው ክፍልም ወረቀት ላይ ቀረ።

አዲስ አበባ ከዚያ ወዲህ ያለ መቀነት ሰፋች። ከተማዋን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማቀናጀት የታቀደው ማስተር ፕላን ከ2014 ጀምሮ፣ ከመሬታችን እንፈናቀላለን ብለው የሰጉ ገበሬዎችና ተማሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። ብዙዎች ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ በጥር 2016 ተሰረዘ።