ሠዓሊው ደላክሯና የኪዮስ እልቂት

ሥዕል ምላስ ሳይኖረው ይመሰክራል። ምስክርነቱ ግን እንደ ማናቸውም ምስክር ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል። የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኦዤን ደላክሯ ሕይወት ይህን ነገር በግልጥ ያስረዳል።

ደላክሯ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1798 ዓመት በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሻራንቶን ተወለደ። አባቱ ሻርል ደላክሯ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ነገር ግን አባቱ በ1805፥ እናቱም በ1814 ስለ ሞቱ ልጁ በ16 ዓመቱ ወላጅ አልባ ሆኖ ቀረ። ከዚህም በኋላ ከሠዓሊው ከጌሬን ዘንድ ጥበቡን ተምሮ በ1822 የመጀመሪያ ታላቅ ሥዕሉን ለሕዝብ አሳየ፤ መንግሥትም ገዛው።

በዚያው ዓመት ቅዱስ ጳውሎስ በመርከብ ባለፈባት በኪዮስ ደሴት ታላቅ መከራ ወረደ። ግሪኮች በ1821 በኦቶማን መንግሥት ላይ ተነሥተው ነበር። በንግድ የከበረው የኪዮስ ሕዝብ አብዛኛው ወደ ጦርነቱ ለመግባት አልፈለገም፤ ይሁን እንጂ ከሳሞስ የመጡ ዓመፀኞች ወደ ደሴቲቱ ስለ ወረዱ የኦቶማን ጦር ደርሶ በሕዝቡ ላይ ሰይፉን መዘዘ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ታረደ፤ ብዙ ሴቶችና ሕፃናትም ለባርነት ተሸጡ።

ደላክሯ ኪዮስን በዓይኑ አላየም። በግሪክ ከተዋጋው ከኮሎኔል ቩቲዬ አፍ የጦርነቱን ወሬ ሰምቶ፥ ቁመቱ 4 ሜትር ከ19 ሳንቲም፥ ወርዱ 3 ሜትር ከ54 ሳንቲም የሆነ ሥዕል በ1824 አቀረበ። በሥዕሉ ላይ ድል አድራጊ ጀግና የለም፤ የሚታየው ከሞተች እናቱ ጡት የሚፈልግ ሕፃን፥ ወደ ሰማይ የምትመለከት አሮጊት፥ በፈረሰኛ ፈረስ ላይ የታሰረች ምርኮኛ ነው። ሠዓሊው ግሮ የሥዕልን ጥበብ ራሱን የገደለ ሥራ ነው ብሎ ነቀፈው፤ መንግሥት ግን በ6000 ፍራንክ ገዛው። ዛሬም በሉቭር ይገኛል።

ሥዕሉ እውነተኛ ግፍን ያሳያል፤ ነገር ግን የታሪኩን እኩሌታ ብቻ ነው። የግሪክ ዓመፀኞች በጥቅምት 1821 ትሪፖሊጻን በያዙ ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ እስላሞችንና አይሁድን፥ ሴትና ሕፃን ሳይለዩ ፈጅተው ነበር። ለእነዚህ ሙታን የደላክሯ ብሩሽ አላለቀሰችም።

በ1832 ደላክሯ የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን መልእክተኛ ኮንት ደ ሞርኔን ተከትሎ ወደ ሞሮኮ ሄደ። በመክነስ በሱልጣን ዐብደ ራሕማን ፊት ቀረበ፤ በታንጀር በአይሁድ ቤት ሠርግ ተጋበዘ። ከሩቅ በወሬ ያውቀው የነበረውን ሕዝብ በቅርብ ባየው ጊዜ የጥንት ሮማውያንን ክብር አገኘበት። በ1845 ያቀረበው ሱልጣኑ በፈረስ ላይ ሆኖ የሚታይበት ሥዕልም ንጉሥን በሚገባው ማዕርግ የሚያሳይ ነው።

ከዚህም በላይ በ1840 የመስቀል ጦረኞች በ1204 ቍስጥንጥንያን ሲይዙ ሣለ። በዚህ ሥዕል ፈረሰኞቹም ክርስቲያኖች ናቸው፤ በእግራቸው ሥር ወድቀው ምሕረት የሚለምኑት ሽማግሌና ሴቶችም ክርስቲያኖች ናቸው። ልቅሶው ግን የኪዮስ ልቅሶ ነው።

የሥዕል ሊቃውንት ማኅበር ደጋግሞ ከገፋው በኋላ በ1857 ተቀበለው። በ1861 ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል የሚያሳየውን የግድግዳ ሥዕል በፓሪስ በቅዱስ ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ፈጸመ፤ በነሐሴ 1863 ዓመትም ዐረፈ።

ትሪፖሊጻን ማሰብ የኪዮስን ደም አያቃልልም። ነገር ግን የአንዱን ወገን ጩኸት ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ፍርዱ ጎደሎ እንደሚሆን፥ አንዱን ሥዕል ብቻ አይቶ በሌላው ሃይማኖት ሕዝብ ላይ ቂም የሚይዝ ሰውም እንዲሁ ነው። ሠዓሊው ራሱ በኪዮስ ሥዕል አልቆመምና፥ ተመልካቹም በዚያ ሊቆም አይገባውም።