እቴጌ መነን፦ ሐዘን የደጋገማቸው እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምዕመናን! ከአምባሰል እስከ ሐርቡ ባለው አገራችን የምናውቀው ሰው ልጁ ወይም እናቱ ስትሞትበት ቅሬው ተሰብስቦ ይቀብራል፣ ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮ ያቀርባል። ከሐዘንተኛው አጠገብ ስንቀመጥ ግን ምን ብለን እንደምናጽናናው ይጨንቀናል። እንግዲያውስ በዚህ በዐቢይ ጾም ከዚሁ ከወሎ የተገኙ አንዲት እናት እናስታውስ።

እቴጌ መነን አስፋው የተወለዱት አምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሕን ናቸው፤ ደሴ ያለው አንጋፋ ትምህርት ቤት በእኚሁ እናታቸው ስም ተጠርቷል። በ1903 ዓ.ም ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አገቡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ሰገሌ ላይ አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሲማረኩ ድሉ የባለቤታቸው ወገን ነበር። በአንድ ቤት ደስታና ለቅሶ! ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ።

ዘውዱ ግን ከሐዘን አላዳናቸውም። ልጃቸው ልዕልት ዘነበወርቅ በወጣትነታቸው አረፉ። በ1928 ዓ.ም ጠላት አገር ሲይዝ ተሰደዱ። በስደት ሳሉ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት ራስ ደስታ ዳምጠው በፋሽስት ተገደሉ፤ እቴጌዋ ባል የሞተባት ልጅ እናት ሆኑ።

በዚያ የስደት ዘመን ቤተ ልሔም በጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ አገራቸው ነጻ ከወጣች ዘውዳቸውን ሊሰጡ ተሳሉ። በ1933 ዓ.ም ነጻነት መጣ።

ከዚያስ? በተከታዩ ዓመት፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም፣ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የመጡት ልዕልት ፀሐይ በወለጋ ነቀምት በወሊድ ምክንያት አረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም ደግሞ ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ።

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እግዚአብሔር ጸሎቴን ከሰማ ልጄን ለምን ወሰደ እንላለን። እቴጌዋ ግን የተሳሉትን ዘውድ ለቤተ ልሔም ሰጡ፤ ከቤተ ክርስቲያንም አልራቁም። በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው። በአንዲት ሟች ስም ስንቱ በሽተኛ ታከመ! እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ወገኖቼ፣ ተስፋ ያለውም ሰው ያለቅሳል። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ስለዚህ ሐዘንተኛውን አታልቅስ ብለን አናስጨንቀው። ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ፣ ቤቱም ጭር ሲል፣ ያኔ ተመልሰን እንሂድለት። ለፍትሐቱና ለቅዳሴው አብረነው እንቁም። አቅም ካለን በሟቹ ስም አንድ የታመመ እናሳክም፣ አንድ የተራበ እናብላ። ዐቢይ ጾም የሚፈታው በትንሣኤ ነው፤ የክርስቲያን ሐዘንም መጨረሻው እዚያው ነው።

የሞቱትን ነፍስ ይማርልን፤ ያዘኑትን ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።