ፊሊፖ ብሩኔሌስኪና የፍሎረንስ የሙያ ማኅበራት

ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ በኢጣልያ አገር፣ በፍሎረንስ ከተማ፣ በ1377 ዓ.ም. ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ የውል ጸሐፊ ስለ ነበር ልጁም የእርሱን ሙያ ይወርሳል ብሎ ተስፋ አድርጎ እንደ ነበር ይነገራል። የልጁ እጅ ግን ከብራናና ከቀለም ይልቅ ወደ ብረትና ወደ መዘውር ያደላ ስለ ነበር አንጥረኝነት እንዲማር ተፈቀደለት።

በዚያን ዘመን በፍሎረንስ አንድ ሰው አንጥረኛ ወይም ግንበኛ ሆኖ ለመኖር ችሎታው ብቻ አይበቃውም ነበር። ከተማይቱ በ21 የሙያ ማኅበራት የተደራጀች ነበረች። ከእነዚህም 7ቱ ታላላቅ፣ 14ቱ አነስተኛ ይባሉ ነበር። ከታላላቆቹ ውስጥ የዳኞችና የውል ጸሐፊዎች፣ የገንዘብ ለዋጮች፣ የሱፍ ሠሪዎችና የሐር ነጋዴዎች ማኅበራት ይገኙበታል፤ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ግንበኞችና አናጢዎች በአንድነት የተሰበሰቡበት ማኅበር ግን ከአነስተኛዎቹ ወገን ነበር። እያንዳንዱ ማኅበር ደቀ መዝሙሩ እንዴት እንደሚሠለጥን ይወስናል፤ የሥራውን ጥራት ይቈጣጠራል፤ አጭበርባሪውን ይቀጣል፤ በአባሎቹ መካከል የሚነሣውን ክርክር ይዳኛል። በ1293 ዓ.ም. ከወጣው ሕግ ወዲህ ደግሞ የአንዱ ማኅበር አባል ያልሆነ ሰው በከተማይቱ የበላይ ምክር ቤት መቀመጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ በአንድ ጊዜ የንግድ ቢሮም፣ ፍርድ ቤትም፣ የሥልጣን በርም ነበር ማለት ነው።

በሩ ግን ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። ሱፍ የሚያጥቡና የሚያበጥሩ የቀን ሠራተኞች የራሳቸው ማኅበር እንዳይኖራቸው ተከልክለው፣ በአሠሪዎቻቸው ማኅበር ሥር ይተዳደሩ ነበር። ብሩኔሌስኪ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1378 ዓ.ም.፣ እነዚህ ሠራተኞች ተነሥተው የከተማይቱን ቤተ መንግሥት ያዙ፤ ሦስት አዳዲስ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ከሦስቱ የድኾቹ የድኻ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ፤ የቀሩት ሁለቱም ከ1382 ዓ.ም. አላለፉም። የብሩኔሌስኪን ሕይወት የሚመረምር ሰው ይህን ታሪክ መዘንጋት የለበትም።

በፍሎረንስ ወርቅ አንጥረኞች በሐር ነጋዴዎች ማኅበር ሥር ይመዘገቡ ነበር። ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ይመስል ይሆናል እንጂ፣ ብሩኔሌስኪ በ1398 ዓ.ም. አባል የሆነውና በ1404 ዓ.ም. የመምህርነትን ማዕርግ ያገኘው በዚሁ ማኅበር ነው። በመካከሉም በ1401 ዓ.ም. የካሊማላ ነጋዴዎች ማኅበር ለቅዱስ ዮሐንስ መጠመቂያ ቤት የነሐስ በር ለማሠራት ውድድር ባወጀ ጊዜ ከሰባቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ሆኖ ቀረበ። የተሰጠው ርእስ የይስሐቅ መሥዋዕት ነበር። ሥራው ለሎሬንዞ ጊቤርቲ ተሰጠ። የሁለቱ ሰዎች ሥራ እስከ ዛሬ በፍሎረንስ ቤተ መዘክር ጎን ለጎን ይታያል፤ ፍርዱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክርም አልተዘጋም።

እንዲህ ያለው ፉክክር ያንዱ ማኅበር ጠባይ ብቻ አልነበረም። ኦርሳንሚኬሌ በተባለው ሕንፃ ግድግዳ ላይ ማኅበራቱ የየራሳቸውን ጠባቂ ቅዱስ ሐውልት አቁመዋል፤ የዶናቴሎ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር መሣሪያ ሠሪዎች፣ ቅዱስ ማርቆስ ደግሞ በተልባ እግር ጨርቅ ነጋዴዎች ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ማኅበራቱ ለክብራቸው ሲሽቀዳደሙ ከተማይቱ በጥበብ ሥራ ከበረች።

ብሩኔሌስኪን ለዘለዓለም ያስጠራው ሥራ ግን የሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ ካቴድራል ጉልላት ነው። ግንባታው በ1296 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከ1331 ዓ.ም. ጀምሮ በሱፍ ሠሪዎች ማኅበር ኀላፊነት ሥር ነበር። ጉልላቱ የሚያርፍበት ስምንት ማዕዘን ግንብ ከመሬት ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ከ40 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክፍት ሆኖ ቆመ። ይህን ክፍት በተለመደው መንገድ፣ ማለትም ከሥር የእንጨት ድጋፍ ተክሎ ለመሸፈን፣ የሚያስፈልገው እንጨት ብዛቱና ጥንካሬው ከሚታሰበው በላይ ነበር። ማኅበሩ በ1418 ዓ.ም. 200 ፍሎሪን ሽልማት መድቦ መፍትሔ ጠየቀ። ብሩኔሌስኪ ያለ እንጨት ድጋፍ እገነባለሁ ብሎ በጡብ የተሠራ ናሙና አቀረበ። በ1420 ዓ.ም. ሥራው ለእርሱ፣ ለጊቤርቲና ባቲስታ ዳንቶኒዮ ለተባለ የግንበኞች አለቃ በጋራ ተሰጠ። የዚህን ሦስተኛውን ሰው ስም ታሪክ ሊረሳው አይገባም ነበር፤ በየዕለቱ ከግንበኞቹ ጋር የዋለው እርሱ ነውና።

ዘዴው እንደሚከተለው ነው። ጉልላቱ በሁለት ልባስ ተሠራ፤ የውስጠኛው ከሥሩ 2 ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው የውጪው ከ1 ሜትር ያነሰ ነው። ሁለቱን 24 የግንብ አጥንቶች ያያይዟቸዋል። በብረት የተቆላለፉ የድንጋይ ሰንሰለቶችና አንድ የእንጨት ሰንሰለት ግንቡ ወደ ውጭ እንዳይገፋ ይከቡታል። በግንቡ ውፍረት ውስጥ የተሟላ ክብ ቀለበት ስለሚገኝ፣ እያንዳንዱ ዙር በተዘጋ ጊዜ ራሱን ይሸከማል። ዙሩ ሳይዘጋ ጡቡ እንዳይንሸራተት ደግሞ በየመካከሉ የቆሙ ጡቦች የተጋደሙትን ይይዟቸዋል። ዕቃውን ወደ ላይ ለማንሣት በበሬ የሚንቀሳቀስ መኪና ሠራ፤ በሬዎቹ አቅጣጫቸውን ሳይለውጡ፣ ጥርሳሙ መንኰራኵር ብቻ እየተቀየረ፣ ሸክሙ ይወጣም ይወርድም ነበር።

ከጊቤርቲ ጋር የነበረው ሽርክና አልተስማማውም። አንድ ጊዜ ታመምኩ ብሎ ተኝቶ ሥራው እንዲቆም በማድረግ የባልንጀራውን አለማወቅ እንደ ገለጠ በሰፊው ይተረካል። ግንበኞቹ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜም ከሎምባርዲያ ሌሎች አምጥቶ፣ በኋላ የቀድሞዎቹን በቀነሰ ደመወዝ መልሶ እንደ ቀጠረ ይተረካል። የሕይወቱ ጸሐፊዎች ይህንን እንደ ብልኅነት ይቈጥሩለታል፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ጡብ ለሚደረድረው ሰው ግን ብልኅነት ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ነገሩ በነሐሴ ወር 1434 ዓ.ም. ፈነዳ። የግንበኞችና የአናጢዎች ማኅበር ብሩኔሌስኪ በከተማይቱ የግንባታ ሥራ እየሠራ የአባልነት መዋጮ አልከፈለም ብሎ ከሰሰውና አሳሰረው። በማኅበሩ ሕግ ከሄድን ክሱ መሠረት ነበረው። የገንዘቡ መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የተያዘው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ ሥራውን በአእምሮው የሚነድፈው ሰው ሥራውን በእጁ ከሚሠሩት ማኅበር በታች ነው ወይስ ከእርሱ ውጭ? ካቴድራሉን የሚያሠራው ጽሕፈት ቤት ከማኅበሩ ሹማምንት አንዱን በአጸፋ አሳሰረ፤ ብሩኔሌስኪም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተለቀቀ። መሐንዲሱ ከማኅበር ቀንበር ነጻ የወጣበት ቀን ይህ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን እርሱን ያስፈታው ሕግ ሳይሆን የበለጠ ኀይል ያለው ሌላ ማኅበር፣ የሱፍ ሠሪዎቹ፣ ነበር። በ1425 ዓ.ም. በከተማይቱ የበላይ ምክር ቤት ለመቀመጥ የበቃውም የማኅበር አባል በመሆኑ ነው።

የፈጠራ ሐሳቡን ለሌላ ላለማካፈልም ይጠነቀቅ ነበር። በ1421 ዓ.ም. ዕብነ በረድ ለማጓጓዝ ላሰበው ጀልባ ከከተማይቱ የሦስት ዓመት የብቸኝነት መብት ተቀበለ፤ አስመስሎ የሠራ ቢገኝ ጀልባው እንዲቃጠል ተወሰነ። ይህ ሰነድ ከመጀመሪያዎቹ የፈጠራ መብቶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ጀልባው ግን ከነጭነቱ በአርኖ ወንዝ ቀረ።

ማኅበራቱ ምን ያህል በጎ ሊሠሩ ይችሉ እንደ ነበር የሚመሰክረው ደግሞ የሐር ነጋዴዎቹ ማኅበር ከ1419 ዓ.ም. ጀምሮ በራሱ አባል፣ በብሩኔሌስኪ ንድፍ፣ ያሠራው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። የመጀመሪያዋን ሕፃን በ1445 ዓ.ም. ተቀበለ። ቀጭን ዓምዶቹ የተሸከሙት የፊት በረንዳ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ጉልላቱ በ1436 ዓ.ም. ተዘጋ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1441 ዓ.ም.፣ ከኢየሩሳሌም ገዳም ተልከው ለጉባኤ ወደ ፍሎረንስ የገቡት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ያዩት ጉልላት ጫፉ ላይ ያለው የዕብነ በረድ ፋኖስ ገና ያልተተከለበት ነበር። ብሩኔሌስኪም ፍጻሜውን አላየም። የፋኖሱ ሥራ እንደ ተጀመረ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1446 ዓ.ም. ሞተ፤ ሥራውን ሌሎች በ1461 ዓ.ም. ፈጸሙት። አስከሬኑ በካቴድራሉ ውስጥ እንዲያርፍ ተፈቀደ። የመቃብሩ ቦታ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1972 ዓ.ም. ከወለሉ በታች በተደረገው ቁፋሮ ተገኘ።