ግሬስ ሆፐር

ግሬስ ብሩስተር ሙሪ ሆፐር (እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 9 ቀን 1906 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992) አሜሪካዊት የሂሳብ ሊቅ፣ የኮምፒዩተር ሳይንቲስትና የባሕር ኃይል አድሚራል ነበሩ። ፋይል ማንበብንና መጻፍን በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ማዘዝ የሚያስችለውን ፍሎው-ማቲክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተዋል። ኮቦል የተባለው ቋንቋም በአብዛኛው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና ጦርነት

ሆፐር የተወለዱት በኒው ዮርክ ከተማ ነው። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሂሳብና በፊዚክስ ተመረቁ፤ በ1934 ደግሞ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በቫሳር በማስተማር ላይ ሳሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የባሕር ኃይሉን ተጠባባቂ ጦር ለመቀላቀል አመለከቱ። ክብደታቸው ከተወሰነው በታች ስለነበረ የተቀበሏቸው በልዩ ፈቃድ ነው።

በ1944 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመድበው፣ በሃዋርድ አይከን ኃላፊነት ሥር፣ ማርክ 1 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ሠሩ። ይህ 15 ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው ማሽን ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ስለነበረ፣ አንዲት ቀዳዳ ብትሳሳት ስሌቱ ይበላሻል።

ኮምፓይለር

ሆፐር በ1949 ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ይሠራ በነበረው የኤከርት-ሞክሊ ኩባንያ ተቀጠሩ። ዩኒቫክ መረጃ የሚያነበውም የሚጽፈውም በማግኔቲክ ቴፕ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቀደም ብለው የሠሯቸውን የስሌት ክፍሎች በእጅ ይገለብጡ ስለነበረ ስሕተት ይበዛ ነበር። ሆፐር ክፍሎቹን በቴፕ ላይ አስቀምጠው ለእያንዳንዱ መጠሪያ ሰጡት። በ1952 የተሠራው ኤ-0 የተባለው ፕሮግራም መጠሪያዎቹን አንብቦ፣ ክፍሎቹን ከቴፕ ፈልጎና አያይዞ፣ የተሟላ ፕሮግራም ያወጣ ነበር። ኮምፒዩተር ከስሌት ያለፈ ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚሉ ብዙዎች ስለነበሩ ሐሳቡ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም።

ፍሎው-ማቲክና ፋይሎች

ሆፐር የንግድ ድርጅት ሠራተኞች በሂሳብ ምልክት ሳይሆን በሚያውቁት ቋንቋ ማዘዝ አለባቸው ብለው ያምኑ ነበር። ቃላቱ ለማሽኑ ምልክት ብቻ መሆናቸውን ለማሳየትም አንዱን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ትእዛዞች ጽፈው አቀረቡ። የኩባንያው ኃላፊዎች ግን አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ኮምፒዩተር የውጭ ቋንቋ መቀበሉን ሊያምኑ አልቻሉም፤ ሥራው የቀጠለው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

የፍሎው-ማቲክ አሠራር በሚከተለው ምሳሌ ይታያል። አንድ ፋይል የዕቃዎችን ብዛት፣ ሌላው ዋጋቸውን ይዟል፤ ሁለቱም በዕቃ ቁጥር ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የሚነበቡትንና የሚጻፉትን ፋይሎች በስም ያስተዋውቃል። ከዚያ ከሁለቱም አንዳንድ መዝገብ አንብቦ የዕቃ ቁጥራቸውን ያነጻጽራል። ቁጥሮቹ እኩል ከሆኑ ዋጋውን አስልቶ በሦስተኛ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ዋጋ ያልተገኘለትን ዕቃ በአራተኛ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ማንበቢያው ትእዛዝ ሪድ-አይተም፣ መጻፊያው ራይት-አይተም ይባላል። መረጃው ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ከማንበቢያው ትእዛዝ ጋር አብሮ ይገለጻል፤ በመጨረሻም ፋይሎቹ ይዘጋሉ። መዝጋቱ የሚያስፈልገው መዝገቦች ቴፕ ላይ የሚጻፉት በቡድን ተሰብስበው ስለሆነ፣ ያልሞላው የመጨረሻ ቡድን ሳይጻፍ እንዳይቀር ነው።

ኮቦል

በ1959 የኮምፒዩተር አምራቾችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ለንግድ ሥራ የሚሆን የጋራ ቋንቋ ለማዘጋጀት ተስማሙ። ሆፐር ለዚሁ ቋንቋ፣ ለኮቦል፣ በአማካሪነት አገልግለዋል። በኮቦል የፋይሉ አወቃቀር በአንድ ክፍል፣ የሚሠራው ሥራ በሌላ ክፍል ይጻፋል። ፋይል መክፈት፣ ማንበብ፣ መጻፍና መዝጋት እያንዳንዳቸው በአንዲት ቃል ይታዘዛሉ፤ ዛሬ ፓይተን የሚማር ተማሪም እነዚህኑ አራት እርምጃዎች ይከተላል። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ሠርቶ ታየ። ይህም ድርጅቶች ማሽን በለወጡ ቁጥር ፕሮግራማቸውን እንደ አዲስ ከመጻፍ ሊድኑ እንደሚችሉ አረጋገጠ።

የኋለኛው ዘመን

ሆፐር በ1966 መጨረሻ ከባሕር ኃይሉ በጡረታ ቢሰናበቱም፣ በ1967 ለስድስት ወር ተብለው ተጠሩ። ሥራቸው የባሕር ኃይሉ የሚጠቀምበት ኮቦል አንድ ወጥ እንዲሆን ማድረግ ነበር። አገልግሎታቸው በተደጋጋሚ ተራዝሞ ለመጨረሻ ጊዜ ጡረታ የወጡት በ1986፣ በ79 ዓመታቸው ነው። በንግግሮቻቸው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሽቦ ቁራጮች ለአድማጮች ያድሉ ነበር፤ ርዝመቱ ብርሃን በአንድ ናኖሴኮንድ የሚጓዘውን ርቀት ያሳያል።

ሆፐር በ85 ዓመታቸው በቨርጂኒያ አርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበሩ። በስማቸው የጦር መርከብ ተሰይሟል፤ በ2016ም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነፃነት ሜዳይ ከሞቱ በኋላ ተሰጥቷቸዋል።