ፕሬስተን ስተርጅስና በዐሥር ዶላር የተሸጠው ድርሰት

በ1930ዎቹ ዓመታት ሆሊዉድ ውስጥ የፊልም ደራሲ ማለት በደመወዝ የሚጽፍ ተቀጣሪ ማለት ነበር። አንድ ታሪክ በአራትና በአምስት እጅ ይጻፋል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሰርዘዋል፤ የተረፈውንም አዘጋጁ እንደ ወደደ ያደርገዋል። በኒው ዮርክ መድረክ ግን ጸሐፌ ተውኔቱ ካልፈቀደ አንዲት ቃል አትነካም። ከመድረኩ ወደ ፊልሙ ዓለም ተሻግሮ የለመደውን መብት ይዞ ለመግባት ከታገሉት አንዱ አሜሪካዊው የኮሜዲ ደራሲ ፕሬስተን ስተርጅስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስተርጅስ ኦገስት 29 ቀን 1898 በቺካጎ ከተማ ተወለደ። እናቱ ሜሪ ዴስቲ ትዳርም ሆነ መኖሪያ የማይጸናላት ሴት ነበረች። ልጅዋን በሕፃንነቱ ይዛ ፓሪስ ገባች፤ በዚያም የታዋቂዋ ዳንሰኛ የኢሳዶራ ደንከን የቅርብ ባልንጀራ ሆነች። ለልጁ ስሙን የሰጠውና እንደ አባት የሆነለት የቺካጎው የአክሲዮን ነጋዴ ሰሎሞን ስተርጅስ ነው። እናቲቱ በሙዚየምና በኦፔራ አዳራሽ እያዞረች የኪነ ጥበብ ሰው ልታደርገው ስትደክም፣ የልጁ ልብ ወደ ነጋዴው ያደላ ነበር። ኋላ በፊልሞቹ ባለጠጎችን እየሳቀባቸው የማይጠላቸው ከዚህ የተነሣ ይመስላል። በእናቱ የሽቶና የቅባት ንግድ ቤት ሲሠራም በመሳሳም የማይለቅ የከንፈር ቀለም ፈለሰፈ። ኢሳዶራ በ1927 ኒስ ከተማ ላይ የአንገቷ ሻርፕ በመኪና ጎማ ተጠምጥሞ ሲገድላት፣ ሻርፑን የሰጠቻት ይህችው ሜሪ ዴስቲ ነበረች። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ለድርሰቱ እንግዳ አጋጣሚ ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገውም።

ወደ መጻፍ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ የትርፍ አንጀት ሕመም አልጋ ላይ አዋለው፤ ሲያገግምም ተውኔት መጻፍ ጀመረ። በሴፕቴምበር 1929 ለመድረክ የበቃው «ስትሪክትሊ ዲስኦነረብል» መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን በድብቅ መጠጥ ቤት የተገናኙ የአንዲት ልጃገረድና የአንድ ኦፔራ ዘፋኝ ታሪክ ነው። 557 ጊዜ ታየ። ቀጥሎ የጻፋቸው ሦስት ሥራዎች ግን ወደቁ፤ ስተርጅስም ወደ ሆሊዉድ ሄደ።

በ1933 የወጣውን «ኃይልና ክብር» ለስቱዲዮው ያቀረበው ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ጄሲ ላስኪ የሚለወጥ ነገር አላገኘበትም። ደራሲው 17,500 ዶላርና ከትርፉ ድርሻ እንዲያገኝ ተዋዋለ፤ ይህም በጊዜው ያልተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ በቀረጻው ቦታ ሲገኝ ሰዉ ሁሉ ለአዘጋጁ ሲሰግድ፣ ደራሲውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው እንደሌለ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ የጻፈውን ራሱ ማዘጋጀት የሙሉ ጊዜ ሐሳቡ ሆነ።

ዕድሉን ያገኘው በ1939 ነው። ከዓመታት በፊት ጽፎ ገዢ ያጣለትን ድርሰት ለፓራማውንት ስቱዲዮ በዐሥር ዶላር ሸጠ፤ የጠየቀው ሌላው ዋጋ እሱው ራሱ እንዲያዘጋጀው ብቻ ነበር። «ታላቁ ማክጊንቲ» በ1940 ወጣ። በአንድ ምሽት 37 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ በእያንዳንዱ ሁለት ዶላር የሚቀበል ሥራ ፈት ወደ አገረ ገዥነት ይወጣል፤ የሚወድቀው ግን አንድ ጊዜ ሐቀኛ ልሁን ባለ ቀን ነው። ለቀጥታ የፊልም ድርሰት የተመደበውን የመጀመሪያ የኦስካር ሽልማት ያገኘው ይህ ሥራ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጆን ሂዩስተንና ቢሊ ዋይልደር ከደራሲነት ተነሥተው በዚያው በር ገቡ።

ከ1940 እስከ 1944 ስምንት ፊልሞች አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ «ሌዲ ኢቭ» በአጻጻፍ የጠራው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «የሰሊቫን ጉዞዎች» ደግሞ የደራሲውን ሙያ ራሱን ይመረምራል፤ ድኾችን ለማወቅ የድኻ ልብስ የለበሰ የኮሜዲ አዘጋጅ በመጨረሻ እስር ቤት ይገባል፤ በዚያም በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ተራ የካርቱን ፊልም እያዩ ሲስቁ ያያል። አንዳንዶች ስተርጅስ ራሱን ለመከላከል ሠራው ይላሉ፤ የእስር ቤቱ ክፍል ግን ከመከላከል ያለፈ ምሬት አለው። በ1944 በወጣው «የሞርጋን ክሪክ ተአምር» አንዲት ልጃገረድ ወታደሮች በተሸኙበት ሌሊት አግብታ የባሏን ስም ትረሳለች፤ በኋላም ስድስት ወንዶች ልጆች በአንድ ጊዜ ትወልዳለች። ቀረጻው ሲጀመር ሳንሱር ያጸደቀለት ጥቂት ገጽ ብቻ ነበር። ለጥቃቅን ሚናዎች ሳይቀር የራሳቸው አነጋገር ይሰጣቸው ስለ ነበር፣ እንደ ዊልያም ዴማሬስት ያሉ ተዋንያን በየፊልሙ ተከትለውታል።

መብቱ ግን ሥር አልሰደደም። ስለ ኤተር ማደንዘዣ ታሪክ የሠራውን «ታላቁ ቅጽበት» ፓራማውንት ቆራርጦ አወጣው፤ ስተርጅስም ስቱዲዮውን ለቀቀ። ከባለጠጋው ሃዋርድ ሂዩዝ ጋር ተሻረከ። ለሃሮልድ ሎይድ ጽፎ ያዘጋጀውን የ1947 ፊልም ሂዩዝ እንደገና ቆርጦ በ1950 በሌላ ስም አወጣው። በ1940 የከፈተው ምግብ ቤትም ገንዘቡን ሲበላ ኖሮ በ1953 ተዘጋ። ስተርጅስ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በ1955 የመጨረሻ ፊልሙን ሠራ።

ኦገስት 6 ቀን 1959 በኒው ዮርክ አልጎንኪን ሆቴል፣ የሕይወት ታሪኩን በመጻፍ ላይ ሳለ በልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 60 ነበር። ለመጽሐፉ ያሰበው ርእስ ወደ ሞቱ ያደረሱት ሁኔታዎች የሚል ነበር። መጽሐፉ በ1990 በሌላ ርእስ ታተመ።