ኢያን መርዶክና የሥርጭት ማንነት ጥያቄ

ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1973 ከአሜሪካውያን ወላጆች በጀርመን አገር በኮንስታንዝ ከተማ ተወለደ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በኦገስት 16 ቀን 1993፣ ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት መጀመሩን አስታወቀ። ስያሜውን ያገኘው የራሱን ስም ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከዴብራ ስም ጋር በማጣመር ነው። ሥርጭት ማለት ከርነሉን ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ጋር አቀናጅቶ ለተጠቃሚ የሚያቀርብ ሙሉ ሥርዓተ ክወና ነው። መርዶክ በጊዜው የነበሩት ሥርጭቶች ጥንቃቄ እንደጎደላቸው በመገንዘቡ፣ በበጎ ፈቃደኞች የጋራ ጥረት የሚጠበቅ ሥርጭት መሠረተ፤ እስከ 1996 ድረስም መራው።

ሥርጭቶች እየበዙ ሲሄዱ ግን አዲስ ችግር ተከተለ። አንድ ፕሮግራም በየትኛው ሥርጭት ላይ እንደሚሠራ ካላወቀ የትኛውን የጥቅል መጫኛ መጥራት እንዳለበት ሊወስን አይችልም። ዩኔም የተባለው የሥርዓት ጥሪ የከርነሉን ስምና ስሪት እንጂ የሥርጭቱን ማንነት አይገልጽም። ሥርጭቶቹም በየፊናቸው የተለያየ መለያ ፋይል ያስቀምጡ ነበር። የደቢያን የስሪት ፋይል ከደቢያን በተገኘው በኡቡንቱ ውስጥም ስላለ፣ የፋይሉን መኖር ብቻ የሚፈትሽ ፕሮግራም ኡቡንቱን ደቢያን ነው ብሎ ይሳሳታል።

መርዶክ በ2006 የፍሪ ስታንዳርድስ ግሩፕ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆኖ የሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝን ሥራ መራ። ዓላማው ለአንድ ሥርጭት የተሠራ ፕሮግራም በሌሎችም ላይ እንዲሠራ ማስቻል ነበር። ኤልኤስቢ-ሪሊዝ የተባለው ትእዛዝ የሥርጭቱን ስምና ስሪት የሚያሳውቀው በዚህ መስፈርት መሠረት ነው። ይሁን እንጂ ትእዛዙ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ አይገኝም። ደቢያን ራሱም በ2015 የመስፈርቱን አብዛኛውን ክፍል ተወ። ጸንቶ የቆየው መፍትሔ በ2012 የሲስተምዲ አዘጋጆች ያስተዋወቁት ኦኤስ-ሪሊዝ የተባለ አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉ የሥርጭቱን መለያና ስም ይይዛል፤ እንደ ሁኔታውም የስሪት ቁጥሩንና የሚቀርበውን ሥርጭት ይጠቁማል። የፓይተን ቋንቋም የቀድሞውን የሥርጭት መለያ ተግባር በ3.8 ስሪት አስወግዶ፣ ይህን ፋይል የሚያነብ ተግባር በ3.10 ስሪት አካተተ።

መርዶክ በመጨረሻ የሠራው በዶከር ኩባንያ ነበር። በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ዩኔምን ቢጠይቅ የአስተናጋጁን ከርነል ያገኛል፤ ኦኤስ-ሪሊዝን ቢያነብ ደግሞ ኮንቴይነሩ የተሠራበትን ሥርጭት ያገኛል። ሁለቱ መልሶች ቢለያዩም ሁለቱም እውነት ናቸው። መርዶክ በዲሴምበር 28 ቀን 2015 በ42 ዓመቱ በሳን ፍራንሲስኮ አረፈ። በ2017 የወጣው ደቢያን 9ም ለመታሰቢያው ተበረከተ።

የሕይወቱ ታሪክ ለተመራማሪ የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሁሉን አቀፍ መስፈርት ለመጽናት ሲቸገር፣ ትንሽና ግልጽ ስምምነት ሊጸና ይችላል። ፋይሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሚገኝ ለመነበብ መረብ አያስፈልገውም። በሰቆጣም ሆነ በሌላ የዋግ ኽምራ ወረዳ ግንኙነት በተቋረጠ ጊዜ፣ በፍላሽ የመጣ ፕሮግራም ያረፈበትን ሥርጭት በጥቂት መስመር ንባብ ለይቶ ሥራውን መቀጠል ይችላል።