በሊቃውንት ተርታ ማን ይቈጠር? የሉዊጂ ጋልቫኒ ሕይወት

ባዮፊዚክስ የሚባለው የትምህርት ክፍል የሕያዋን ፍጥረታትን አሠራር በፊዚክስ ሕግና በፊዚክስ መለኪያ የሚመረምር ነው። ጡንቻ እንዴት እንደሚኰማተር፤ ነርቭም መልእክቱን እንዴት እንደሚያደርስ የሚጠይቅ ሰው የባዮፊዚክስን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ጥበብ ስማቸው ሊነሣ የሚገባቸው ሊቃውንት እነማን ናቸው ቢባል መልሱ ቀላል አይደለም። ሥራው በሕክምናና በፊዚክስ ድንበር ላይ ያለ ስለ ሆነ አንዱ ወገን የሌላው ነው እያለ ይተወዋል። ስለዚህ አንዱ በማዕርጉ፤ አንዱ በሽልማቱ፤ ሌላውም በክርክር በማሸነፉ ይመረጣል። እኛ ግን እነዚህ መመዘኛዎች ምን ያህል እንደሚያሳስቱ ለማሳየት የአንድ ኢጣሊያዊ ሐኪም ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሉዊጂ ጋልቫኒ በኢጣሊያ አገር በቦሎኛ ከተማ በ1737 ተወለደ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናና ፍልስፍና ተምሮ በ1759 ተመረቀ። በ1762 የመምህሩን የፕሮፌሰር ጋሌያትሲን ልጅ ሉቺያን አገባ፤ እርስዋም በቤት ውስጥ ያደርገው በነበረው ምርምር ትረዳው ነበር። እርሱም አናቶሚ ሲያስተምር ቈይቶ በ1782 በከተማው የሳይንስ ተቋም የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። እንግዲህ በማዕርግ ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢኖር ይህን አዋላጅ ሐኪም ከፊዚክስ ሊቃውንት አጠገብ ሊያስቀምጠው ባላሰበም ነበር።

በ1781 አንድ ቀን በመሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ተበልታ በጠረጴዛ ላይ የተዘረጋች እንቍራሪት ነበረች። በአቅራቢያዋም የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰጥ በእጅ የሚዘወር መኪና ቆሞ ነበር። አንደኛው ረዳት የቢላዋውን ጫፍ ከእግርዋ ነርቭ ላይ ባሳረፈ ጊዜ መኪናው ብልጭ አለ፤ ከመኪናው ጋር ያልተያያዘው የሞተችው እንቍራሪት እግርም ተወራጨ። ጋልቫኒ ነገሩን እንደ ዋዛ አላለፈውም፤ ዓመታት ሙሉ እየደጋገመ ፈተነው። በ1786 ደግሞ በናስ መንጠቆ የተንጠለጠሉ የእንቍራሪት እግሮች መንጠቆው ከብረት ጋር በተነካካ ቍጥር ያለ አንዳች መብረቅና ያለ መኪና ሲወራጩ አየ። ከዚህም ተነሥቶ ኤሌክትሪክ በእንስሳው ሰውነት ውስጥ ይገኛል፤ ጡንቻና ነርቭም የሚሠሩት በእርሱ ነው ሲል በ1791 በላቲን ቋንቋ አሳተመ። ሉቺያ ግን ይህን ሳታይ ቀደም ብላ ሞታ ነበር።

በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበረው አሌሳንድሮ ቮልታ ሙከራውን ደግሞ ካየ በኋላ በመጀመሪያ ተስማማ፤ ቈይቶ ግን ተቃወመ። ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ከሁለቱ ልዩ ልዩ ብረቶች መነካካት ነው፤ እንቍራሪቲቱ መኖሩን የምታመለክት ብቻ ናት ሲል ተከራከረ። ስለ ብረቶቹ እውነቱ ከቮልታ ጋር ነበር። ጋልቫኒ ግን ዝም አላለም፤ በ1794 ምንም ብረት ሳይኖር የተቈረጠው ነርቭ ጡንቻውን ሲነካው ጡንቻው እንደሚኰማተር ታየ፤ በ1797ም የአንደኛውን እግር ነርቭ ከሌላው እግር ነርቭ ጋር በማነካካት ያንኑ አረጋገጠ።

በዚህ መካከል የናፖሌዎን ጦር ሰሜን ኢጣሊያን ያዘ፤ አዲስ ሪፑብሊክም ተቋቋመ። በ1798 መምህራን ሁሉ ለአዲሱ መንግሥት እንዲምሉ በታዘዘ ጊዜ ጋልቫኒ ሃይማኖቱና ሕሊናው አልፈቀዱለትምና አልምልም አለ። ሥራውንና ደመወዙን አጣ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መግቢያ በ61 ዓመቱ ሞተ። በ1800 ቮልታ የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦችን በጨው ውኃ ከራሰ ጨርቅ ጋር እየደራረበ የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ፤ በሚከተለውም ዓመት ናፖሌዎን በፓሪስ አከበረው። ያን ጊዜ የሊቃውንት ስም ዝርዝር ቢወጣ አሸናፊው ተጽፎ ተሸናፊው በቀረ ነበር።

ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በ1840ዎቹ ኢጣሊያዊው ማቴውቺና ጀርመናዊው ዱ ብዋ ሬይሞንድ የጡንቻንና የነርቭን ኤሌክትሪክ ለኩ፤ የለኩበትም መሣሪያ ጋልቫኖሜትር ተብሎ በሟቹ ስም የተጠራ ነበር። በ1850 ሄልምሆልትስ በእንቍራሪት ነርቭ ውስጥ መልእክት በሴኮንድ 30 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ አስታወቀ። በ1952 እንግሊዛውያኑ ሆጅኪንና ሃክስሊ የሶዲየምና የፖታሲየም ቅንጣቶች በነርቩ ሽፋን በኩል ሲያልፉ ኤሌክትሪኩ እንዴት እንደሚፈጠር በሒሳብ አስረዱ፤ ስለዚህም በ1963 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ባዮፊዚክስ የሚለውን ስም እንግሊዛዊው ካርል ፒርሰን በ1892 በጻፈ ጊዜ ጋልቫኒ ከሞተ 94 ዓመት ሆኖት ነበር።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ጋልቫኒ በዚህ ጥበብ ከታላላቆቹ የሚቈጠረው ስለ ተበደለ አይደለም፤ ርኅራኄ ለሳይንስ ሚዛን አይሆንም። ሐሳቡም ሁሉ ትክክል ስለ ነበረ አይደለም፤ ስለ ብረቶቹ ተሳስቷል። የሚቈጠረው ማንም ሊደግመው በሚችል ሙከራ ከእርሱ በፊት ተፈትኖ ያልታየውን ጥያቄ ስለ ከፈተና ከእርሱ በኋላ የመጡት ከዚያው ጥያቄ ስለ ተነሡ ነው። በዚህ ሚዛን ቮልታም በፊዚክስ ስፍራውን አያጣም፤ የአንዱ መግባት ሌላውን አያስወጣምና። ትምህርት ቤቶቻችን የሊቃውንትን ስም ለተማሪዎች ሲያስጠኑ ከስሙ ጎን የተቀበለውን ሽልማት ከመጻፍ ይልቅ ምን ጠየቀ፤ እንዴት ፈተነ፤ ማንስ ከእርሱ ተነሥቶ ቀጠለ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ቢጽፉ፤ ተማሪው ስምን ብቻ ሳይሆን ሳይንስን ይማራል እንላለን።